ክረምት ሲገባ መንገድ የሚከፈትበት አገር

ፈረሱ ጀርባ ላይ በረዶ ተቀምጧል። አልቀለጠም። እንደ ዱቄት ተነስንሶ ዝም ብሎ አለ። ልጄ ፈረሱ ሕያው መሆኑን ተጠራጥራ ጠጋ ብላ አየችው። ዓይኑን አርገበገበላት።

ቦታው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት ውስጥ፣ ከሚኒያፖሊስ ከተማ አንድ ሰዓት ያህል የሚያስነዳ እርሻ ነው። ልጅቷ ያማራት ፈረስ መጋለብ ነበር። የጠበቀን ግን ጎማ የሌለው ጋሪ ነው። በጎማ ፋንታ ከሥሩ ሁለት ረጃጅም እግሮች አሉት፤ ጫፋቸው ወደ ላይ ተቆልምሟል። ፈረንጆቹ ስሌይ ይሉታል። እኛ ቤት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ የበረዶ ጋሪ ነው፤ እዚህም በዚሁ ልቀጥል።

ነጂው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። በዚህ ሁሉ በረዶ ውስጥ መጎተት ለፈረሶቹ አይከብድም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። «የሚከብዳቸው በረዶው ሲሄድ ነው» አሉኝ። ከዚያ ፈረሶቹን ወደፊት ከማንቀሳቀሳቸው በፊት ትንሽ ወደ ግራ ሳብ አደረጓቸው። ከሥራችን ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ለካ ጋሪው ሲቆም እግሮቹ ከበረዶው ጋር ተጣብቀው ኖሯል። በቀጥታ ቢጎተት ፈረሶቹ ይለፋሉ፤ ወደ ጎን ሲሳብ ግን ይላቀቃል። ተላቀቀና ሄድን። ድምፅ የለም፣ መንገጫገጭ የለም። ቃጭሉ ብቻ።

ሰውየው ያሉት ነገር ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም። በረዶ ሲሄድ ነው የሚከብዳቸው? እኔ እዚህ አገር ስንት ዓመት ስኖር በረዶን የማውቀው መንገድ ሲዘጋ፣ መኪና ሲያንሸራትት፣ ትምህርት ቤት ሲያዘጋ ነው። ሰውየው የሚያወሩት ስለ ሌላ በረዶ ነው። እኔም ነገሩን ማንበብ ጀመርኩ፤ ያገኘሁትን እነሆ።

እኛ ክረምት ስንል ሐምሌና ነሐሴን ነው። ጭቃ፣ የሞላ ወንዝ፣ የተቆረጠ መንገድ። ድሮ ነጋዴውም ዘማቹም መስከረም እስኪጠባ ከቤቱ አይወጣም ነበር። የሰሜኑን ዓለም ዊንተርም ክረምት ብለን ስለምንተረጉመው ያው መንገድ የሚዘጋበት ወቅት ይመስለናል። መኪና ከመምጣቱ በፊት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። በሩሲያ፣ በካናዳ፣ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ገጠሮች መንገድ የሚከፈተው በረዶ ሲጥል ነው። ገበሬው ማገዶውን፣ ድንጋዩን፣ ግንዱን፣ ለገበያ የሚወስደውን እህል ሁሉ ያቆየዋል። በረዶ ሲጥል ያግዘዋል። ዘመድ የሚጠየቀውም ያኔ ነው። በረዶ ከዘገየ ሰው ይጨነቃል።

የእነሱ «ክረምት»፣ ማለትም የእኛ ዓይነቱ፣ በረዶው ሲቀልጥ የሚመጣው ጭቃ ነው። ሩሲያውያን ራስፑቲትሳ የሚል ስም አላቸው፤ በፀደይና በመኸር መንገዱ ቦክቶ እንደ ወጥ የሚሆንበት ጊዜ። ቨርሞንት በምትባለው የአሜሪካ ግዛት ደግሞ እስከ ዛሬ «የጭቃ ወቅት» የሚባል አምስተኛ ወቅት አለን ይላሉ።

የሩሲያዋ ንግሥት ታላቋ ካትሪን ከፒተርስበርግ ተነስታ ክሪሚያን ልትጎበኝ ስታስብ የመረጠችው ወር ጥር ነበር። ዓመቱ 1787 ነው (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በእግር ላይ የተቀመጡ 14 ሠረገላዎችና 124 የበረዶ ጋሪዎች ተከትለዋት ወጡ። በየጣቢያው 560 ፈረስ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። እስከ ኪየቭ በበረዶ ሄደች። እዚያ ስትደርስ የድኒፔር ወንዝ በረዶ እስኪቀልጥ ቁጭ ብላ ጠበቀች፤ ከዚያ በጀልባ ቀጠለች። መሃል ላይ ያለውን የጭቃ ጊዜ በመንገድ ላይ ላለማሳለፍ ነው። ንግሥት እንኳ ጭቃን አታዝም።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለማወቅ ከጎማ መጀመር ይሻላል።

ጎማ ብልህ ፈጠራ ነው። አንድ ነገር ግን ይፈልጋል፤ ጠንካራ መሬት። አስፋልት ላይ የሚወዳደረው የለም። የድሮው የጋሪ ጎማ ግን ቀጭን እንጨት ነው፤ ዙሪያውን ብረት የታሰረለት። መሬት የሚነካው በጠባብ ቦታ ስለሆነ ለስላሳ አፈር ካገኘ ይሰምጣል። አንዴ ከሰመጠ ደግሞ ፊት ለፊቱ ሁልጊዜ ትንሽ ዳገት አለ፤ ራሱ የቆፈረው ጉድጓድ ጠርዝ። ፈረሱ ሜዳ ላይ የሚሄድ ቢመስልም ቀኑን ሙሉ ዳገት እየወጣ ነው። ደብረ ዘይት በሐምሌ ጋሪ የተሳፈረ ሰው ይህን አይቶታል። ባለጋሪው ወርዶ ሲገፋ፣ ተሳፋሪውም አፍሮ ሲወርድ።

የበረዶ ጋሪ እግር ግን ረጅም ነው። ክብደቱ በዚያ ሁሉ ርዝመት ላይ ይከፋፈላል፤ ስለዚህ ብዙ አይሰምጥም። የፊቱ ጫፍ የተቆለመመው ለውበት አይደለም። ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ በረዶውን እንደ ማረሻ ያርሰው ነበር። ሲቆለመም ግን በረዶው ላይ ወጥቶ ከሥሩ ይደፈጥጠዋል። ያ የተደፈጠጠ በረዶ ለሚቀጥለው ጋሪ ጠንካራ መንገድ ይሆናል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ጎማ በለስላሳ መሬት በሄደ ቁጥር መንገዱን ያበላሻል፤ የበረዶ ጋሪ በሄደ ቁጥር መንገዱን ይሠራል።

ይሄ ስለ መስመጥ ነው። መንሸራተቱስ?

ትምህርት ቤት የተነገረን መልስ አለ፤ ክብደት ሲጫነው በረዶ ይቀልጣል፣ የቀለጠው ውኃ ያንሸራትታል የሚል። በ1886 ጆን ጆሊ የተባለ የአየርላንድ ሳይንቲስት ለበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ያቀረበው ሐሳብ ነው። ሲሰሙት ያሳምናል። ሒሳቡ ግን አይገጥምም። የበረዶን መቅለጫ በግፊት አንድ ዲግሪ ብቻ ዝቅ ለማድረግ ከተለመደው የአየር ግፊት ከ130 እጥፍ በላይ ያስፈልጋል። ሰው የጫነ የበረዶ ጋሪ እግር የሚያሳርፈው ግፊት ከዚያ አንድ በመቶውን እንኳ አይሞላም። ሆኖም ከዜሮ በታች አሥር ዲግሪ ላይ እንደ ልቡ ይንሸራተታል።

በ1939 ቦውደንና ሂዩዝ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ስዊዘርላንድ ተራራ ላይ፣ ዩንግፍራውዮኽ ላይ፣ በረዶ ውስጥ በተቆፈረ ዋሻ ይህን ፈተኑት። የደረሱበት ነገር ቀላል ነው፤ የሚያቀልጠው ግፊቱ ሳይሆን ሰበቃው ነው። ሁለት እጅ ሲፋተግ እንደሚሞቀው ሁሉ እግሩና በረዶው ሲፋተጉም ይሞቃሉ። ያቺ ሙቀት በጣም ስስ የሆነ የውኃ ንብርብር ታቀልጣለች። ጋሪው የሚሄደው በዚያች ላይ ነው። ማስረጃቸውን ወደድኩት። ሙቀት ቶሎ የሚያስተላልፍ ብረት ከማያስተላልፍ ቁስ የባሰ ይጎተት ነበር። ብረቱ ሙቀቷን ወደ ላይ ይዟት ስለሚሄድ ለማቅለጥ የምትተርፈው ትንሽ ናት። ከዚህ በተጨማሪ ደግሞ በረዶ ማንም ሳይነካው እንኳ የላይኛው ገጽታው ሙሉ በሙሉ ጠጣር አይደለም። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፋራዴይ ይህን በ1850 ጠርጥሮት ነበር።

እንግዲህ ብርዱ በበረታ ቁጥር መንሸራተት ይሻላል ብሎ የሚያስብ ይሳሳታል። ብርዱ በጣም ሲጠና ሰበቃው የምታመነጨው ሙቀት አትበቃም። በረዶው ደረቅ አሸዋ ይሆናል። እንግሊዛዊው አሳሽ ካፒቴን ስኮት በ1912 ከደቡብ ዋልታ ሲመለስ፣ ከጓዶቹ ጋር ሸክሙን በራሳቸው ትከሻ እየጎተቱ፣ ማስታወሻው ላይ በረዶውን ከበረሃ አሸዋ ጋር ነው ያመሳሰለው። በሌላ በኩል ሙቀቱ ከዜሮ ካለፈ በረዶው ውኃ ጠግቦ እግሩን ይይዘዋል። የሚመቸው መሃሉ ነው። ከዜሮ ትንሽ ወረድ ያለ፣ የተረገጠ፣ ደረቅ በረዶ። እንዲህ ባለው ላይ ለመጎተት የሚያስፈልገው ኃይል ከጭነቱ ክብደት አምስት በመቶ አካባቢ ነው። አሥር ኩንታል ጭነህ የምትስበው ግማሽ ኩንታል እንደምታነሳ ያህል ማለት ነው። ጭቃ ላይ በጎማ ከሆነ ሦስትና አራት እጥፍ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በአማርኛ ይህን መጻፍ ያስቸግራል። ከሰማይ የሚወርደው ጠጠርም በረዶ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም በረዶ፣ እንደ ጥጥ የሚረግፈውም በረዶ። አመዳይ የሚል ቃል አለን፤ ከመጽሐፍ ውጪ ግን ማን ይጠራዋል? የሚረግፈውን በረዶ፣ ደርቆ እንደ መስተዋት የሚሆነውን ጠጣር በረዶ እያልኩ ልቀጥል፤ ምክንያቱም አሁን ልዩነቱ ዋጋ አለው።

በረዶ መንገድ ነው ካልን መንገድ ደግሞ ጥገና ይፈልጋል። ዛሬ የከተማ አስተዳደር በረዶ ሲጥል መኪና ልኮ ይጠርጋል። ኒው ኢንግላንድ በሚባለው የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ክፍል ያሉ ከተሞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያደርጉ የነበረው ሌላ ነው። ዳምጠው ይልኩበት ነበር። አዎ፣ እንደ አስፋልቱ ዳምጠው። ከሰው ቁመት የማይተናነስ ትልቅ የእንጨት በርሜል ይሠራል፤ አንዳንዴ ሁለት ጎን ለጎን። አራት ወይም ስድስት ፈረስ ይጎትተዋል። በረዶውን አይጠርገውም፤ ይደመድመዋል። አዲስ በረዶ ሲጥል እንደገና ይሄድበታል። በክረምቱ አጋማሽ መንገዱ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ጠንክሮ፣ ጉድጓዱና ድንጋዩ ሁሉ ከሥር ተቀብሮ ይቀራል። አንዳንድ የቨርሞንት ከተሞች ይህን እስከ 1930ዎቹ ሲያደርጉ ነበር።

ከሁሉ ያሳቀኝ የድልድዩ ነገር ነው። በዚያ አካባቢ ጣሪያና ግድግዳ ያላቸው የእንጨት ድልድዮች አሉ፤ ዛሬ ቱሪስት ፎቶ የሚነሳባቸው። ጣሪያው የተሠራው ለመንገደኛ ተብሎ አይደለም። እንጨቱ እንዳይበሰብስ ነው። ችግሩ፣ ጣሪያ ካለ በረዶ አይገባም። የበረዶ ጋሪ እየተንሳፈፈ መጥቶ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ባዶ ሳንቃ ይገጥመዋል። ብረት የተለበጠ እግር በሳንቃ ላይ! ፈረሱ ይቆማል። ስለዚህ ከተማው ሰው ይቀጥራል። ሰውየው በአካፋ በረዶ እየዛቀ ወደ ድልድዩ ውስጥ ያስገባል፤ ያነጥፋል። ለዚህ ደመወዝ ይከፈለዋል። እኔ በየጠዋቱ ወገቤ እስኪቆረጥ ከደጄ የማወጣውን ነገር!

መንገዱ ችግር አልነበረውም ማለት አይደለም። ካናዳ፣ ኩቤክ ውስጥ ዝቅ ያሉ ጋሪዎች ፊታቸው ያለውን በረዶ እየገፉ ይከምሩት ነበር። መቶ ጋሪ በዚያው ሲያልፍ መንገዱ ወጣ ገባ ይሆናል። ከኮምቦልቻ ወጣ ሲባል የሚያጋጥመውን ኮሮኮንች ማሰብ ነው፤ ጉብታው ግን ከዚያ ይበልጣል። ሌላው ችግር ደግሞ ዱካው ነው። መንገዱን የሚደለድሉት ሁለት ፈረስ ጎን ለጎን የሚጎትቷቸው ጋሪዎች ናቸው። እነሱ ካለፉ በኋላ መንገዱ ላይ ሁለት የተረገጡ መስመሮች፣ መሃል ላይ ደግሞ ያልተረገጠ ለስላሳ በረዶ ይቀራል። ባለ አንድ ፈረስ ጋሪ ሲመጣ ፈረሱ መሃል ላይ ነው፤ እየሰመጠ ሊሄድ ነው። መላው ምንድን ነው? ፈረሱ የሚታሰርባቸውን ሁለት እንጨቶች ከጋሪው መሃል ወደ አንድ ጎን ማዞር። ፈረሱ በተረገጠው መስመር ላይ፣ ከአንዱ እግር ፊት ለፊት ይሄዳል። ሙዚየም ውስጥ እንዲህ ያለ ጋሪ ያየ ሰው ጠማማ ተሠርቷል ሊል ይችላል።

ወደ ፈረሱ ልመለስ። ጀርባው ላይ ያለው በረዶ ያልቀለጠው ስላልሞቀው አይደለም። ሙቀቱ ስለማይወጣ ነው። የክረምት ፀጉሩ ረዝሞ ጥቅጥቅ ይላል፣ ሥሩ አየር ይይዛል። ፈረስ ብርድ ላይ የሚጎዳው ሲያልበው ነው። ላብ ፀጉሩን ካረጠበ ያ ሁሉ መከላከያ ይጠፋል። ጎበዝ ነጂ ስለዚህ አያስሮጥም፤ ሲቆም ደግሞ ብርድ ልብስ ያለብሳል። የኛም ሰውዬ ከመኪናዬ ብርድ ልብስ የሚሻል ነገር ነው ያለበሷቸው።

እግራቸው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ሰውየው ወርደው የአንዱን ፈረስ እግር አነሱና በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረጉት። ድንች የሚያህል የበረዶ ድቡልቡል ወደቀ። የፈረሱ የብረት ጫማና የሰኮናው ሙቀት ተባብረው በረዶውን ቀለጥ ያደርጉታል፤ ተመልሶ ይረጋል፤ ይጠራቀማል። ፈረሱ ታኮ ጫማ እንዳደረገች ሴት ቁርጭምጭሚቱ ይወላገዳል። ድሮ ሰኮናው ውስጥ ሞራ ይቀቡት ነበር፤ ዛሬ ላስቲክ ይገጠምለታል። ከጫማው ሥር ደግሞ ሾጣጣ ብረቶች አሉ፤ ጠጣር በረዶ ላይ እንዳያንሸራትተው የሚቧጥጡ።

እነዚያ ሾጣጣ ብረቶች ቀላል ነገር ይመስላሉ። በ1812 ናፖሊዮን ከሞስኮ ሲመለስ የሠራዊቱ ፈረሶች በአብዛኛው የበጋ ጫማ ነበር ያደረጉት። በጠጣር በረዶ ላይ መቆም አቃታቸው። ትንሽ ዳገት ሲመጣ መድፉም ጋሪውም ይቀራል። በታኅሣሥ ወር ከቪልና ከተማ ወጣ ብሎ ያለው የፖናሪ ዳገት በረዶ ለብሶ ጠበቃቸው። የጦሩን ገንዘብ የጫኑት ሠረገላዎች ሊወጡት አልቻሉም። ወርቁ እዚያው ተበተነ፤ ወታደሩም ቆሞ ተሻማ። የንጉሠ ነገሥቱ ፈረሶች ግን ደህና ነበሩ። ባልደራሱ ኮሌንኩር፣ ሩሲያ ውስጥ አምባሳደር ሆኖ ስለኖረ፣ ገና ሞስኮ ሳሉ ተገቢውን ጫማ አስደርጓቸዋል። ናፖሊዮን ራሱ ጦሩን ትቶ ከኮሌንኩር ጋር ከመንገዱ ከፊሉን በበረዶ ጋሪ ተጉዞ ከ5 ታኅሣሥ ተነስቶ በ18ኛው ፓሪስ ገባ። ያ ሁሉ ሠራዊት የቀለጠው በጫማ ምክንያት ነው ማለቴ አይደለም፤ ረሃቡም ታይፈሱም ነበር። ግን አንድ አንጥረኛ በጊዜው ቢጠራ ስንት መድፍ ይመለስ ነበር።

መነሳቱን አይተናል። መቆምስ? የበረዶ ጋሪ ፍሬን የለውም። ሜዳ ላይ የሚያቆመው ፈረሱ ነው። በፈረሱ መቀመጫ በኩል የሚያልፍ ሰፊ የቆዳ ጠፍር አለ፤ ጋሪው ከኋላ ሲገፋው ተቀምጦበት ይይዘዋል። ቁልቁለት ላይ ጭነት ካለ ደግሞ እግሩ ሥር ሰንሰለት ይጠመጠማል፣ በረዶውን እየቧጠጠ ያዘገየዋል።

ቶሎ የማይቆም፣ ድምፅም የሌለው ነገር በጠባብ መንገድ ሲመጣ ምን ይሆናል? ቃጭሉ ለዚህ ነው። እኔ ለጌጥና ለገና የተንጠለጠለ ነበር የመሰለኝ። የማሳቹሴትስ ግዛት ሕግ በፈረስ የሚጎተት የበረዶ ጋሪ መንገድ ላይ ሲወጣ የፈረሱ ዕቃ ላይ ቢያንስ ሦስት ቃጭል ይኑር ይላል። እስከ ዛሬ አልተሻረም። ክላክስ ነው በአጭሩ። ኮኔቲከት ውስጥ ኢስት ሃምፕተን የምትባል ትንሽ ከተማ ዊሊያም ባርተን የሚባል ሰው በ1808 ቃጭል መሥራት ከጀመረባት በኋላ ስሟ የቃጭል ከተማ ሆኖ ቀርቷል።

ከመንገድ ሁሉ ቀጥ ያለውና ለጥ ያለው ግን የረጋ ወንዝና ሐይቅ ነው። ዳገት የለም፣ ድልድይ አያስፈልግም። ኩቤክ ውስጥ ቅዱስ ሎረንስ ወንዝ ሲረጋ ሰዉ ትንንሽ የጥድ ዛፎች ቆርጦ በረዶው ላይ በመስመር ይተክላል። መንገዱ በነጩ ሜዳ ላይ እንዳይጠፋ ነው። ዛፉ የት እንዳለ ካላየህ አትሄድም።

በዚህ ዓይነት መንገድ የተሠራ ትልቁ ሥራ የሄንሪ ኖክስ ይመስለኛል። ኖክስ የ25 ዓመት ጎረምሳ ነው፤ ቦስተን ውስጥ መጽሐፍ ሻጭ የነበረ። በ1775 መጨረሻ፣ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት፣ ጆርጅ ዋሽንግተን እንግሊዞች የያዟትን ቦስተንን ከብቦ መድፍ የለውም። መድፉ ያለው ቲኮንደሮጋ በሚባል ምሽግ፣ 300 ማይል ያህል ርቆ ነው። ኖክስ 60 ቶን የሚጠጋ፣ ማለትም 600 ኩንታል መድፍ ላምጣ ብሎ ሄደ። በታኅሣሥ አጋማሽ ለዋሽንግተን በጻፈው ደብዳቤ 42 ጠንካራ የበረዶ ጋሪ እንዳሠራና 80 ጥማድ በሬ እንዳገኘ ገለጸ። ኋላ ላይ ብዙውን የጎተቱት ፈረሶች ናቸው። ሴባስቶፖልን ከጋፋት እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ያስጎተቱትን አፄ ቴዎድሮስን ያሰበ ሰው የሥራውን ክብደት ይረዳዋል። ልዩነቱ ኖክስ የሚጠብቀው ነገር ነበረው፤ በረዶ።

በረዶውም ተጫወተበት። መጀመሪያ እምቢ አለ። በገና ሰሞን ከመጠን በላይ ጣለ። ቀጥሎ ቀለጠ። የሃድሰንን ወንዝ ለመሻገር ጠጣሩ በረዶ ስስ ሆኖ አገኘው። ያደረገው ነገር ግራ ያጋባል፤ በረዶውን አስበሳው። ቀዳዳ ሲከፈት የታች ውኃ ወደ ላይ ይወጣና በበረዶው ላይ ይፈሳል፣ እዚያም ይረጋል። ንብርብር በንብርብር ይወፍራል። ያም ሆኖ አልባኒ ከተማ አጠገብ አንድ ትልቅ መድፍ ሰብሮ ገባ። የከተማው ሰው ወጥቶ አግዞ አወጣለት፤ ኖክስም ለውለታቸው መድፉን «አልባኒ» ብሎ ሰየመው። በጥር መጨረሻ ዋሽንግተን ዘንድ ደረሰ። በመጋቢት መድፎቹ ከቦስተን በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ታዩ። በ17ኛው እንግሊዞች ከተማውን ለቀው በመርከብ ሄዱ።

መድፍ ሲሰምጥ በገመድ ይጎተታል። ፈረስ ሲሰምጥስ? በረዶ ላይ የሚነዱ ሰዎች ፈረሱ አንገት ላይ ሸምቀቆ ገመድ ያስሩ ነበር። ፈረሱ ከገባ ገመዱን ያንቁታል። ጭካኔ ይመስላል። የታነቀ ፈረስ ግን መፍጨርጨሩን ይተዋል፣ የያዘውን አየርም አያስወጣም፤ ይንሳፈፋል። በጎኑ አጋድመው በረዶው ላይ ይስቡታል፣ ገመዱን ይለቁለታል፣ ይነሳል። ከዚያ አስሩጠው ያሞቁታል።

እዚሁ ሚኒሶታ፣ እንዲሁም ሚሺጋንና ዊስኮንሰን፣ የዛፍ ቆራጮች ነገሩን ጥግ አደረሱት። እነሱ የሚረግፈው በረዶ አልበቃቸውም። ሌሊት ሌሊት ትልቅ የውኃ ታንክ በበረዶ ጋሪ ጭነው እግሮቹ የሚሄዱበት መስመር ላይ ውኃ ያፈሳሉ። ጠዋት መስመሩ መስተዋት ሆኖ ይገኛል፤ የባቡር ሐዲድ ማለት ነው፣ ከውኃ የተሠራ። ቁልቁለቱ ላይ ድርቆሽ ወይም አሸዋ የሚበትን ሰው ይቆማል፤ እሱ ከተኛ ግንዱ ፈረሶቹን ይቀድማቸዋል። በ1893 ሚሺጋን ውስጥ ሁለት ፈረሶች በአንድ ጋሪ 50 ትልልቅ የጥድ ግንድ ጎተቱ። 144 ቶን ነበር ይባላል። ግንዶቹ በዘጠኝ የባቡር ፉርጎ ተጭነው ቺካጎ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ታዩ። ለታይታ የተደረገ፣ አጭር ርቀት ብቻ የተጎተተ ነው። ቢሆንም ሁለት ፈረስ ናቸው።

ከዚያ መኪና መጣ። ጎማ አስፋልት ይፈልጋል፣ አስፋልት ደግሞ መጠረግ አለበት። ለተወሰኑ ዓመታት ሁለቱ መንገድ ላይ ተጣሉ። ለመኪና ከተጠረገ የበረዶ ጋሪው ባዶ መሬት ላይ ይቀራል፤ ለጋሪ ከተደመደመ መኪናው ይሰምጣል። ማን እንዳሸነፈ በር ከፍቶ ማየት ነው። ሚሺጋን ውስጥ ማኪናክ የምትባል ደሴት ብቻ በ1898 መኪና ከልክላ እስከ ዛሬ ጸንታለች፤ ክረምት ሲሆን ዕቃ በፈረስ ጋሪ በበረዶ ይመላለሳል። እሷም ግን ለበረዶ ሞተር ሳይክል እጇን ሰጥታለች።

እኔና ልጄ ያን ቀን ወደ እርሻው የሄድነው ለሁለተኛ ጊዜ ነበር። መጀመሪያ የያዝነው ቀጠሮ በ2024 የካቲት ነው። ያ ክረምት በሚኒሶታ ታሪክ ከተመዘገቡት ሁሉ ሞቃቱ ነበር። ዱሉት አካባቢ በየዓመቱ የሚካሄደው ትልቁ ውሾች የሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ውድድር እንኳ በረዶ ጠፍቶ ቀርቷል። ያኔ እኛ ስንደርስ ሜዳው ቡናማ ነው። ሰውየው ይቅርታ ጠይቀው ባለ ጎማ ጋሪ አወጡልን። ቃጭሉን አሰሩለት፤ ልጆቹ ደስ ይላቸዋል ብለው። እርሻው ጠርዝ ላይ ስንደርስ የኋላው ጎማ ጭቃ ውስጥ ገባ። ሰውየው ዞር ብለው አዩኝ። ጫማዬን አየሁት። ወረድኩና መግፋት ጀመርኩ።